ትርፉን ለጌጤ

ጎሊናን በበጋ ያየ ሰው ወንዝ ነው ብሎ አይምልም። አሸዋና ድንጋይ ነው፤ መሐል ለመሐል አንድ ቀጭን ውኃ እንደ ተፈታ መቀነት ተጋድሟል፣ ፍየል ሳታስብ ትሻገረዋለች። ክረምት ሲገባ ግን ቆቦ ሜዳ ላይ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ሁሉ ተጠራቅሞ ይደርሳል። መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፤ ከዚያ ቀዩ ውኃ ግንድ አዝሎ ይከተላል። ያን ሰዓት ወዲህ ያለ ወዲህ፣ ወዲያ ያለ ወዲያ ይቀራል።

በ1985 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጌጤ ወዲህ ቀረች። የሁለት ዓመት ልጇ ደሳለኝ በትኩሳት ይነድዳል፤ ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው። ልጇን አዝላ ከረፋድ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ዳር ላይ ቆመች። ዋና የሚችሉ ጎበዞች ገመድ ይዘው ሞክረው ተመለሱ። ውኃው በማግሥቱ ጠዋት ጎደለ፤ ልጁ ግን ከዚያ በፊት ጀርባዋ ላይ አልቆ ነበር።

ጎሊና ጎሊና ምን በደልኩህ እኔ፣
መድኃኒት ከማዶ፣ ልጄ ግን ከጎኔ።

ይህን ያለችው እዚያው አሸዋው ላይ ተቀምጣ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ግጥሙን ከሮቢት እስከ ዋጃ ድረስ ዛሬም ለቅሶ ላይ ይሉታል፤ የማን እንደሆነ የማያውቁ ሴቶች ጭምር ደረታቸውን እየደቁ ይሉታል።

ጌጤን ዕድሜ ልኳን የወጋት ግን ወንዙ አይደለም። ከሰልስቱ በኋላ የሰማችው ነገር ነው። የቅርብ ጎረቤቷ ሀሊሜ፣ ከለቅሶተኛው መሐል ተቀምጣ ሳለች፣ ድንገት ብድግ ብላ ራሷን ያዘች። ባሏ ታሂር ግመል ይዞ አፋር በረሃ በወረደበት ዓመት እግሩ ቆስሎ እንክብል ተሰጥቶት ነበር። ሲሻለው አራቱን ተወው። እሷም በወረቀት ጠቅልላ ጣሪያው ሥር ሸጎጠችው፤ ከዚያ ወዲህ ትዝ ብሏት አያውቅም።

«ከቤቴ እያለ! ያ ረቢ፣ አርባ እርምጃ ሳይርቅ፣ ከቤቴ እያለ!» ብላ ጮኸች።

ያ እንክብል ልጁን ያድነው ነበር ወይ? ማንም አያውቅም። ሴቶቹ ግን እንደሚያድነው አልተጠራጠሩም፣ ጌጤም አልተጠራጠረችም። ሀሊሜን አልተቀየመቻትም፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላትና «አታልቅሺ፤ ብቻ ከእንግዲህ በዚህ መንደር መድኃኒት ተሸሽጎ አይደር» አለቻት። ከሰባ ሰባቱ ረሃብ የቀረች የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረቻት። አጠበቻት፣ ፀሐይ ላይ አደረቀቻት፣ የሀሊሜን አራት እንክብል አኖረችባት።

ልማዱ በዚያ ተጀመረ። ቆቦ ታክሞ የተመለሰ ሁሉ፣ ሲሻለው የቀረውን መድኃኒት ይዞ ወደ ጌጤ ደጅ ይመጣል። ቀይና ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ፣ ነጭ ክኒን፤ ጌጤ ፊደል አልቆጠረችም፣ በቀለሙ ታውቀዋለች። ለቁስል ቀይና ጥቁሩን ትሰጣለች፤ አንዱን ማስዋጥ፣ አንዱን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ መነስነስ። ለሆድ ቀይና ቢጫው፣ ለሳል ነጩ። ለሕፃን ከሆነ እንክብሉን ትከፍትና ግማሹን በስኳር ውኃ ትበጠብጣለች። የተሰጠው ሰው ሲነሣ አንድ ነገር ብቻ ትነግረዋለች፤ «ከተሻለህ አቁም፤ የቀረው የሌላ ሰው ነው።»

መንደሩ ይህችን ቃል ወደዳት። እንግዳ ነገር አልሆነባቸውም፤ ከእህሉም ከውኃውም እንዲሁ ሲያካፍሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቀስ በቀስ ማስተረፍ ክብር ሆነ። የአሥር ቀን መድኃኒት የታዘዘለት ገበሬ በሦስተኛው ቀን ልብሱን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ብድግ ብሎ ይመጣል። «እንኩ፤ የሰባቱን ቀን አስተርፌያለሁ» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። ሌላው ይሰማና በሁለት ቀን ያቆማል። የታዘዘለትን ጠራርጎ የሚውጥ ሰው፣ እሱማ ሆዳም ተባለ። ቄሱም ሼኹም ጌጤን መረቋት። ማንም መድኃኒት ይዞ ሲገባ ቢታይ፣ «ትርፉን ለጌጤ!» ይሉታል ከየደጁ።

ኅዳር ላይ ማሽላው ሲደርስ፣ ጅጊ ወጥቶ አገሩ በአንድነት ሲያጭድ፣ ግጥም የምታወጣው ጌጤ ናት። ደገሌት የሚሉት ማሽላ ራሱ ከብዶት ሲያጎነብስ እያየች፣

እረ በል እጨደው፣ ምን ያስቆዝምሃል፣
ደገሌት ጎንብሶ አንገቱን ሰጥቶሃል።

ስትል፣ አጫጁ በአንድ ድምፅ ይቀበላታል። አንድ ዓመት ይርጋ የሚባለው ቀልደኛ፣ እግሩን አገዳ ወግቶት በእሷ እንክብል የዳነ፣ ማጭዱን ወደ ሰማይ አንሥቶ መለሰላት፤

ቀይና ጥቁሯን ጌጤ ብትሰጠኝ፣
እንኳን የእግር ቁስል ፍቅርም ለቀቀኝ።

«ፍቅር የለቀቀህ ጥርስህ ሲወልቅ ነው!» አለችው ሀሊሜ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ሜዳው ሁሉ በሳቅ ወደቀ።

ትርሲት የተወለደችው በ1987 ነው። ከደሳለኝ በኋላ የመጣች፣ ከእሷም በኋላ ሌላ ያልመጣ፤ አባቷ ሞላ የአራት ዓመት ልጅ አድርጓት ዐረፈ። እንግዲህ ጌጤ ይህችን ልጅ እንዴት አድርጋ ትያዛት? ትንሽ ባስነጠሰች ጣሳው ይከፈታል። ግንባሯ ሞቅ ካለ ነጩ፣ ጉልበቷ ከተላጠ ቀይና ጥቁሩ፤ ደግሞ ሲሻላት ወዲያው ይቆማል፣ ለሌላው ይቀመጣል። ትርሲት አድጋ አፏን ስትፈታ፣ ቀልድ ስትማር፣ «እኔን እኮ ያሳደገኝ የእማዬ ጡት አይደለም፣ ጣሳዋ ነው» ትል ነበር፣ እንግዳ ፊት ሳታፍር።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ጣሳውን አይታ ደነገጠች። የታዘዘ መድኃኒት እስከ መጨረሻው እንደሚወሰድ፣ ካልተጨረሰ በሽታው እንደሚለምደው አስረዳች። ጌጤ በትሕትና ሰማቻት፤ እርጎ አቀረበችላት።

«ልጄ፣ ለዳነ ሰው መድኃኒት ማብላት ጥጋብ አይደለም ወይ? ያልዳነው እያለ?»

ልጅቷ ደግማ አስረዳች። ጌጤም ደግማ እርጎ ቀዳችላት። ልጅቷ ወጥታ ስትሄድ ሀሊሜ ከኋላዋ፣ «አንቺዬ፣ ልጅ ናት፤ ልጅ አልቀበረችም» አለች።

ትርሲት የጎብዬውን ዮናስን አገባች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ልጅ ነው። በ2007 ጥር ላይ ምጧ መጣና ሁለት ቀን ጠናባት። ጤና ጣቢያው በአምቡላንስ ወደ ደቡብ፣ ትልቁ ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ላካት። እዚያ ሆዷ ተከፍቶ ሴት ልጅ ወጣች፤ ጤነኛ፣ ጩኸታም፣ ጠጉራም። ጌጤ እልል አለች። በሦስተኛው ቀን ትርሲት ተነሥታ ኮሪደሩን በእግሯ ሄደች።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳት መጣ።

ጌጤ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ይዛ የመጣችው ቀይና ጥቁር ነበር። ለማንም ሳትናገር፣ ነርሶቹ ዘወር ሲሉ፣ ሁለት ቀን ሰጠቻት። ሐኪሟ በበኩሏ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አዘዘች፤ ከሁለት ቀን በኋላ በሌላ ቀየረችው። ትኩሳቱ ግን ወይ ፍንክች። የስፌቱ ጠርዝ ቀላ፣ ቀጥሎ ጠቆረ፣ በስምንተኛው ቀን ክሩ ተፈትቶ ቁስሉ ተከፈተ። ሕፃኗን ያዩ ሁሉ እዚህ አትቆይ አሉ፤ የሀሊሜ ምራት ሱዓድ የራሷን ልጅ ታጠባ ስለነበር ወስዳ ከጡቷ አስጠጋቻት።

ከትርሲት ቀጥሎ ባለው አልጋ ከዋጃ የመጣች መቅደስ የምትባል ወጣት ተኝታለች። እሷም በኦፕሬሽን ወልዳ፣ እሷም ቁስሏ አልደርቅ ብሎ። እናቷ አበበች ታስታምማታለች። ሁለቱ እናቶች በአንድ ድስት ይበላሉ፣ አንዷ ስታሸልብ አንዷ ሁለቱንም አልጋ ትጠብቃለች።

«እማ» አለች ትርሲት አንድ ከሰዓት፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ። «ጣሳሽን ጥለሽው መጣሽ?»

«ዝም በይ፣ አትድከሚ።»

«መቼም ከእኔ የሚበልጥ በሽተኛ አላገኘሽም። አሁን ነበር ሙያሽን የምታሳዪው።»

ልትስቅ ብላ ሆዷን ያዘች።

ሐኪሟ ከቁስሉ ናሙና አስወሰደች። ውጤቱ ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ኤፍሬም የሚባለው የላብራቶሪ ባለሙያ ወረቀቱን ለሐኪሟ ሰጥቶ ሲመለስ ጌጤ በር ላይ ያዘችው። የሮቢት ልጅ መሆኑን ከአነጋገሩ አውቃለች።

«አንተ ልጅ፣ ወረቀት አላነብም። ያየኸውን አሳየኝ።»

አይፈቀድም ሊላት ነበር። ፊቷን አየና ተወው። ወደ ላብራቶሪው በር ወስዶ፣ እጅ እንዳትነካ ነግሮ፣ ክዳን ያለው እንደ ትንሽ ሳሕን ያለ ክብ ብርጭቆ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘላት።

«ከትርሲት ቁስል የወሰድነው ይኼ ነው፣ እማማ። ቀለብ ሰጥተን አሳደግነው።»

«ጠላቷን? ቀለብ?»

«ለማወቅ ነው። ይኸው ይኼ ሁሉ ግራጫው ተህዋሱ ነው። እነዚህ ስምንት ትናንሽ ወረቀቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው መድኃኒት ነክተዋል። መድኃኒቱ የሚገድለው ከሆነ ዙሪያውን ይጠርገዋል፤ ማሽላ መሐል እንዳለ አውድማ ባዶ ክብ ያወጣል።»

ጌጤ ዐይኗን አጥብባ አየች። ማሽላ ታውቃለች፣ አውድማ ታውቃለች። ግራጫው ሰብል እስከ ወረቀቶቹ ጠርዝ ድረስ፣ ሳይፈራ፣ ሳይሳሳ፣ ገጥሞ በቅሏል። ከዳር አንዷ ወረቀት ብቻ ዙሪያዋ ጥርት ያለ ነው።

«ቀይና ጥቁሩ የትኛው ነው?» አለች።

ኤፍሬም አመለከታት። ሰብሉ እላዩ ደርሷል።

«ቀይና ቢጫውስ?»

አመለከታት።

«ያ ነጩ? ለሳል የሚሰጠው?»

«እሱም እዚህ ነው፣ እማማ።»

ዐይኗን ከሳሕኑ አነሣች። ከዚያ እንደ ሚስጥር ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችው፤ «ማን አለመደው?»

ኤፍሬም ለማን እንደሚናገር አላወቀም፤ እንደሚያውቀው መለሰ። «መድኃኒት በትንሽ በትንሹ ሲያገኝ፣ ደካማ ደካማው ይሞትና ብርቱው ይቀራል። ሰው ደግሞ ተሻለኝ ብሎ ሲያቆም፣ ጥሎ የሚተወው ያንን ብርቱውን ነው። እሱ ይባዛል፤ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ሲያልፍ…»

ስንት ዓመት እንደሆነ ጌጤ በልቧ ቆጠረች። ሃያ ሁለት።

ሐኪሟን ያገኘቻት ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፋ ሻይ ስትጠጣ ነው። ወጣት ናት፤ ዐይኗ ሥር ጠቁሯል። ጌጤ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጣሳዋን፣ መንደሩን፣ በመቀነቷ ያመጣችውን ቀይና ጥቁር፣ አንድም ሳታስቀር። እንደ ንስሐ።

«ከእኔ ጣሳ ነው የመጣባት? እውነቱን ንገሪኝ፣ የእኔ ልጅ።»

ሐኪሟ ሻዩን አስቀመጠች። «አላውቅም፣ እናቴ። አብሯት የኖረ ሊሆን ይችላል። ከዚሁ ክፍል፣ ከዚሁ አልጋ ሊሆን ይችላል። ከእኔ እጅ ሊሆን ይችላል። ማንም ሊነግርሽ አይችልም።»

«እንደው ብትገምቺስ?»

«ብገምትም አልነግርሽም።»

ዱላ ቢሆን ይሻላት ነበር። ጥፋተኛ ነሽ ቢሏት ወድቃ ታለቅስ፣ ንጹሕ ነሽ ቢሏት ቀና ትል ነበር። ይኼ ግን መያዣ የሌለው ነገር ነው።

የቀረችው አንዷ መድኃኒት ሜሮፔኔም ትባላለች። በዚያ ሰሞን ሆስፒታሉ ውስጥ አልነበረችም፤ ከተማው ፋርማሲዎችም ዘንድ ተፈልጋ ታጣች። ዮናስ አንድ በሬውን ሸጠና የሐኪሟን ማዘዣ በደረት ኪሱ ይዞ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። ሐኪሟ ቁስሉን በየቀኑ ታጥባለች፣ ውኃና ማስታገሻ ትሰጣለች፤ ሌላ የምትሰጠው የላትም። ይኼንኑ ለጌጤ በግልጽ ነገረቻት፤ «እሱ እስኪመጣ የሚታገልላት የራሷ ሰውነት ብቻ ነው» አለች።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሀሊሜ መጣች። ከቆቦ በሚኒባስ፣ በጥቁር ፌስታል አንድ ነገር አቅፋ። ሽርጧ አቧራ ለብሷል፣ ጠረኗ ሁሉ የመንገድ ነው። ትርሲትን ግንባሯን ሳመች፣ ዞር ብላ ፊቷን ጠረገች፣ ከዚያ ጌጤን ጎትታ ኮሪደር አወጣቻት።

«ቤት ለቤት ዞርኩ» አለች። «ወላሂ አንድ ቤት አልቀረኝም። የአንቺንም ጣሳ ገለበጥኩት። ይርጋ ለበሬው ያስቀመጠውን ሳይቀር አወጣ፤ ‘ለጌጤ ልጅማ በሬዬም ይሙት’ ብሎ። ቄሱ ሰጡ። የኛው ሼኽ ኪሳቸውን አራገፉ። ይኸው፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የሚሆን አይጠፋም።»

ፌስታሉን ፈታችው። ቀይና ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፤ በወረቀት የተጠቀለለ፣ በላስቲክ የታሰረ፣ በሻሽ የተቋጠረ፤ ላብ የጠጣ፣ ቀለሙ የለቀቀ። የአንድ አገር ፍቅር በአንድ ፌስታል።

ጌጤ ኤፍሬምን ጠራችው። እሱ ደግሞ ልጁ ጨዋ ነው፤ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። አግዳሚው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ጓንት አድርጎ፣ አንድ በአንድ መደባቸው። ሀሊሜ እያንዳንዱ ክምር ከማን እንደመጣ ትነግረዋለች።

«ይኼ የታሂር ነው። ያ የጎረቤታችን ምጥ ጊዜ የተረፈ። ይኼኛው ደግሞ… ይኼኛው ግን ውድ ነው አሉ፣ ከሳዑዲ ነው የመጣ። እህ? ይሆናል አይደል?»

«እትዬ ሀሊሜ…»

«እሺ ያኛው?»

ኤፍሬም አምስት ክምር ሠራ። አምስቱም በክቡ ብርጭቆ ላይ ሰብሉ የረገጣቸው ናቸው። የተፈለገችው አንዷ ደግሞ እንክብል ሳትሆን በመርፌ የምትሰጥ፣ በብልቃጥ የምትቀመጥ ናት።

«አንዱም?» አለች ሀሊሜ።

«አንዱም፣ እትዬ።»

«አይ! ይኼ ሁሉ ሕዝብ!» ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ክምሮቹን እያየች፣ «ፍቅር ያስለቅቃል ሲል የነበረው ይርጋ ምን ይበል እንግዲህ» አለች። ሁለቱ ሴቶች ሳቁ። እየሳቁ እያለ ጌጤ ትከሻዋን ይዛት ማልቀስ ጀመረች፤ ሀሊሜም አፏን በሻሿ አፍና ተከተለቻት።

ዮናስ ስልክ ይደውላል። አንድ ፋርማሲ አለ ብሎት ሲደርስ አልቆ ነበር። ሌላው ነገ ና አለው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፁ ተለወጠ፤ «አገኘሁት! ሠላሳ ብልቃጥ። በአይሱዙ ተሳፍሬ እመጣለሁ፣ አውቶቡስ አልጠብቅም።» ጌጤ ስልኩን ትርሲት ጆሮ ላይ አደረገችላት።

«ዮንዬ» አለች ትርሲት፣ አንድ አንድ ቃል እየለቀመች፣ «ልጃችንን ስም አወጣህላት?»

የመለሰላት ለጌጤ አልተሰማትም። ትርሲት ግን ፈገግ አለች፤ ምን እንዳላትም ለማንም አልተናገረች።

በማግሥቱ ጠዋት ትንፋሿ ፈጠነ። ሐኪሟ መጣች፣ ኦክስጅን አስገጠመች፣ ውኃ ጨመረች፣ ሰዓቷን አየች። አበበች የራሷን ልጅ ትታ የትርሲትን እግር ታሻሻለች፤ «ቀዘቀዘ፣ ቀዘቀዘ» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን። ጌጤ የልጇን እጅ ይዛ ዐይኗን በሩ ላይ ተክላለች። አንድ ሰው በገባ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ነርስ ነው፣ ጽዳት ሠራተኛ ነው፣ የሌላ ሰው አስታማሚ ነው። ልጇን ማየት አለባት፣ በሩን ማየት አለባት። በአራት ሰዓት ግድም በሩን ስታይ፣ በእጇ ውስጥ የነበረው እጅ ላላ።

ዮናስ የደረሰው ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው። ሦስት ጊዜ መኪና ቀይሯል። ካርቶኑን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ጋቢው አንድ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። ሀሊሜ ከላይ ቆማ ነበር። ሻሿን ከራሷ ላይ አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችው። ያን ጊዜ አወቀ።

አግዳሚው ላይ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የሚመጣው ሁሉ እያጽናናው ያልፋል፤ እሱ ካርቶኑን አይለቅም። ሬሳው ተገንዞ መኪና እስኪመጣ ድረስ እንዲያ ሆኖ ቆየ።

ሐኪሟ ጌጤን ለብቻዋ ጠራቻት። ስታወራ መሬት መሬት ታያለች። የመቅደስ የናሙና ውጤት ገና አልመጣም፤ የትርሲት ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም፤ ላይሠራም ይችላል። ግን ይኼ መድኃኒት ሆስፒታሉ ቢኖረው ዛሬውኑ ትጀምርላት ነበር። መጠየቅ እንደማይገባት ታውቃለች። ጠየቀች።

አበበች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰምታለች። አልቀረበችም፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ቆመች።

ጌጤ ሄዳ ከዮናስ አጠገብ ተቀመጠች።

«አምጣው፣ ዮንዬ።»

«የትርሲት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አብሯት ይሂድ። አብሯት ይቀበር። በሬዬን ሸጬ፣ አገር ለአገር ዞሬ…» ካርቶኑን አጥብቆ አቀፈ። «ሁለት ሰዓት እኮ ነው፣ እማ። በሁለት ሰዓት።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰጥ ኖሬያለሁ» አለች ጌጤ። «ለማን ምን እንደሰጠሁ አንድም ቀን አላወቅሁም ነበር። ጌታዬ ምስክሬ ነው፣ ዛሬም አላውቅም። አምጣው ግን።»

ካርቶኑን ይዞ ቆየ። ከዚያ እጁ ራሱ ለቀቀው።

ጌጤ ከፈተችው። ሠላሳ ትናንሽ ብልቃጦች፣ ውስጣቸው ነጭ ዱቄት ያለ፣ አንገታቸው በብረት የታሰረ። በጣቷ እየነካች ቆጠረቻቸው። «ስንት ቀን ነው የሚሰጥ?» ብላ ሐኪሟን ጠየቀች።

«በቀን ሦስት ጊዜ፣ አሥር ቀን።»

«ይበቃታል?»

«በልክ ነው።»

ከነካርቶኑ ሰጠቻት። አበበች እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትመጣ በሁለት ክንዷ ይዛ አነሣቻት፤ «ተይ እቴ፣ ሂጂ፤ ልጅሽ ብቻዋን ናት» አለቻት። ነርሷ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ስትቀላቅል ጌጤ በሩ ላይ ትንሽ ቆማ አየች። መኪናው ጥሩምባ ነፋ።

ወደ ሰሜን ሲጓዙ ሜዳው ታጭዶ አልቆ ነበር፤ የማሽላው ጉቶ ብቻ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል። ጎብዬ ላይ የዮናስ ዘመዶች መንገዱን ሞልተው ጠበቁ። ከሮቢት ጀምሮ የሚከተላቸው ሰው በዛ። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ጌጤ ግጥም ታውጣ ብለው ዝም አሉላት፣ ጠበቋት። አላወጣችም። ሀሊሜም አላስገደደቻት።

ዋጃ ከቆቦ ሩቅ አይደለችም፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ማክሰኞ ገበያ ላይ የዋጃ ሰው አይጠፋም፣ አበበች የምትባል፣ ልጇ ሆስፒታል የተኛችባት ቢሉት ያውቃታል። ጌጤ የልጅ ልጇን አዝላ ገበያ ትወጣለች፤ በርበሬ ከሚሸጡት የዋጃ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጣ ትውላለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች። መቅደስ ትዳን አትዳን ግን እስከ ዛሬ ጠይቃ አታውቅም።